ለእናቱ ጀልባ የሠራው ሰው

ገበየሁ ከእህቱ ጋር ከተቀያየመ ቆይቷል። ጥፋቱ የእሱ እንደሆነም ያውቃል። አንድ ቀን ፊደል ያስቆጠሩትን አስተማሪውን፣ የኔታ ላቀውን፣ «የኔታ፣ ይቅርታ ልጠይቃት ቆርጫለሁ። ግን ልቧን የሚመልስ ቃል አጣሁ። ቃሉን እስካገኝ ብቆይ ጥፋት ነው ወይ?» ሲል ጠየቃቸው። እሳቸውም እንዲህ አሉት፦

«በሩቅ አገር፣ በባሕር ዳርቻ የሚኖር አንድ ጀልባ ሠሪ ነበረ። እናቱ ከባሕሩ መካከል ባለች ደሴት ላይ ትኖራለች። በወጣትነቱ ክፉ ቃል ተናግሯት፣ አስለቅሷት ነበር የወጣው። ዕድሜው ሲበስል ጸጸት ያዘውና ‹ባዶ እጄን አልመለስም። በዚህ ባሕር ላይ ታይታ የማታውቅ ጀልባ ሠርቼ፣ እናቴን አሳፍሬ አንሸራሽራታለሁ፤ ያን ጊዜ ትምረኛለች› አለ።

ትልቅ ዛፍ ቆርጦ ሆዱን ፈለፈለው። የዚያ አገር ጀልባ ጠባብ ስለሆነች ብቻዋን ማዕበል አትችልም፤ ትገለበጣለች። ስለዚህ አግዳሚ እንጨት ዘርግተው፣ በጎኗ ተንሳፋፊ ግንድ ያስሩላታል። ሰውዬው ግንዱን አስሮ ቢሞክራት፣ ግንዱ ከብዶ ወደ ጎን ጎተታት። ፈታና ሌላ ጠረበ። ይኼኛው ደግሞ ከመጠን በላይ ቀለለ፤ ነፋስ በመጣ ቁጥር ከውኃው እየተነሣ አስቸገረው። እሱንም ጣለው። ቀጥሎ ሸራው አላማረውም። እንዲህ ሲያስር ሲፈታ ዓመታት አለፉ። ጎረቤቶቹ ግን በተጣመመ ጀልባ፣ በተጣፈ ሸራ እየተሻገሩ ዘመዶቻቸውን ጠይቀው ይመለሱ ነበር።

አንድ ቀን ከደሴቲቱ አንድ ዓሣ አጥማጅ መጣ።

‹እናትህ ልካኝ ነው› አለው። ‹ጀልባዋ ትቅርብኝ፣ እሱ ራሱ ይምጣልኝ ብላሃለች። ነፋሱ መልካም ነው፤ ቦታም አለኝ። ተነሣ እንሂድ።›

ሰውዬው መጥረቢያውን አስቀመጠ። እጁን አራግፎ ወደ ውኃው ሄድ አለ። ከዚያ የዓሣ አጥማጁን ጀልባ አየ፤ አሮጌ ናት፣ ዓሣ ዓሣ ትሸታለች። ዞሮ ያላለቀችውን የራሱን ጀልባ አየ።

‹በሰው ጀልባ ተለጥፌ ፊቷ አልቀርብም› አለ። ‹ትንሽ ነው የቀረኝ በላት።›

ዓሣ አጥማጁ ‹እሺ እንግዲህ› ብሎ ብቻውን ተመለሰ።

ጀልባዋ በመጨረሻ አለቀች፤ አማረችም። ነፋስ ስታገኝ ውኃውን እየሰነጠቀች በረረች። ሰውዬው ደሴቲቱ እየቀረበች ስትመጣ፣ ለእናቱ የሚላትን እያሰበ ለብቻው ይስቅ ነበር። ዳር ላይ ያንኑ ዓሣ አጥማጅ መረብ ሲጠግን አገኘው።

‹እናቴስ?› አለው።

ዓሣ አጥማጁ መረቡን አስቀመጠ። ‹ክረምቱ ሲገባ ቀበርናት› አለ።

‹ወይኔ! ይቺን ጀልባ ሳታይ!› ብሎ ሰውዬው ደረቱን መታ።

‹በምኗ ታያለች ወንድሜ? ዓይኗ ከጠፋ ስንት ጊዜው! መቅዘፊያ ውኃ ሲመታ በሰማች ቁጥር ብድግ ብላ እጇን ትዘረጋ ነበር። “ልጄ ነህ?” ትለናለች። እኛም “አይደለሁም” ስንላት ኖርን።›

ሰውዬው ከጀልባው መውረድ አቅቶት እዚያው ቁጭ አለ።»

የኔታ ላቀው ይህን ብለው ወደ ገበየሁ ዞሩ።

«አንተም እንደዚያ ሰው ነህ፣ ልጄ። እሱ እንጨት ጠረበ፣ አንተ ቃል ትጠርባለህ። እሱ በጀልባው ሊያምር ፈለገ፣ አንተም በይቅርታህ ልታምር ትፈልጋለህ። እህትህ ግን የምትጠብቀው አንተን ነው። ሂድና ተንተባተብ፤ ምን ቸገረህ? ዛሬ ደጇን ብታንኳኳ ‹ማነው?› የምትልህ እህት አለችህ። ያ ሰው ‹ማነው?› የሚለው አጣ።»