ከአናቱ የተሰቀለው ሳጥን

አቶ ሲራክ የሚባሉ የአንድ ተራራ መዝናኛ ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። ሰው በሽቦ ገመድ በሚጎተት የሊፍት ወንበር ተቀምጦ ወደ ተራራው አናት ይወጣና በጣውላ ሣሩ ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል ተብሎ የተሠራ ቦታ ነው። ይባላል እንጂ የመኪና ማቆሚያው የትና የት ነው፤ ሊፍቱ ሦስት ቀን ሠርቶ አራት ቀን ያርፋል፤ መንሸራተቻውም ድንጋዩ አልተለቀመለትም።

ዓመቱ ሲያልቅ አቶ ሲራክ ደንበኞቹን ሰበሰቡ። በዚያ መንሸራተቻ ላይ የተቀደደ ሱሪ ስትጥፍ የከረመች አንዲት ልብስ ሰፊም ከኋላ ተቀምጣለች። እሷ ራሷ ሦስቴ መጥታ፣ ሦስቴም ሊፍቱ ቆሞባት ከግማሽ መንገድ ተመልሳለች።

«የምታሙንን ሰምቻለሁ» አሉ አቶ ሲራክ። «እኔ በሐሜት አልሠራም። የአስተያየት ሳጥኑን ትናንት አስከፍቼዋለሁ። አርባ ሁለት ወረቀት ወጣ፤ አርባ ሁለቱም ምስጋና ነው። ቅሬታ አለኝ የሚል ካለ፣ ለምን ሳጥኑ ውስጥ እንዳልከተተው ተነሥቶ ያስረዳኝ። አለዚያ ስም አጥፊ ነውና ከነገ ጀምሮ ደጃችንን አይረግጥም።»

ሁሉም ጫማ ጫማውን ማየት ጀመረ። ልብስ ሰፊዋ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

«ጌታዬ፣ ሳጥኑን የት ነው የሰቀሉት?»

«አናቱ ላይ ነዋ። ሰው እይታው ደስ ሲለው እንዲጽፍ።»

«እንግዲያው ሰዎቹ የድንጋዩን ነገር ያወቁት ሳጥኑን አልፈው ሲወርዱ ነው» አለች። «የሊፍቱ ቅሬታ ደግሞ መንገድ ላይ ነው፤ ሊፍቱ ሲሠራ ይደርስዎታል።»