እንቅልፍ ያጣችው ደብሪቱና በስሙ ካልጠሩት የማይከፈተው ክፍል

የተረቴ ሰንሰለት ከአንድ ትንሽ ምኞት ይጀምራል፤ ደብሪቱ እንቅልፍ አማራት። የኮሌጁን ኮምፒውተሮች የምትጠግነው እሷ ናት፤ የታመመ ልጇን ታቅፋ ስላደረች ዓይኗ አልገለጥ ብሏታል። ቤተ መጻሕፍቱን ቆልፋ ልትሄድ ብትል ግን ይርሳው አልወጣም አለ።

ይርሳው ዓይነ ስውር ተማሪ ነው። መጽሐፍ ጮክ ብሎ የሚያነብለት እዚያ ያለው አንድ ኮምፒውተር ብቻ ነው፤ እሱም ዛሬ ጠዋት አልነሣ ብሏል።

«ከሰዓት ፈተና አለኝ፣ እትዬ ደብሪቱ። አንድ ምዕራፍ ቀርቶኛል፤ ዘንድሮ ከወደቅሁ ያባርሩኛል።»

ኮምፒውተሩን «አንብብለት» አለችው። «ማስነሻው ካልቀሰቀሰኝ አላነብም» አለ።

ወደ ማስነሻው፣ ኮምፒውተሩ ሲበራ ወደሚቀሰቅሰው ፕሮግራም፣ ሄደች። ይርሳው አይወጣም፣ ኮምፒውተሩ አያነብም፤ «እባክህ ቀስቅሰው» አለችው። «ከርነሉ፣ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው የሊኑክስ ሶፍትዌር ልብ፣ ሳይመጣልኝ በምን ልቀስቅሰው?» አለ።

ይርሳው አይወጣም፣ ኮምፒውተሩ አያነብም፣ ማስነሻው አይቀሰቅስም፤ ከርነሉን «ና» አለችው። «ክፍሌ ሳይከፈት በየት ልምጣ?» አለ። የኮምፒውተሩን ዲስክ ትናንት በየክፍሉ ከፋፍላ ያደራጀችው ራሷ ናት፤ አንዱን ለሊኑክስ፣ አንዱን ለመጻሕፍት።

ይርሳው አይወጣም፣ ኮምፒውተሩ አያነብም፣ ማስነሻው አይቀሰቅስም፣ ከርነሉ አይመጣም፤ ክፍሉን «ተከፈት» አለችው። «በስሜ ካልጠሩኝ አልከፈትም» አለ። ስሙን ጻፈች፤ የለም ተባለች። ደግማ ጻፈች፤ የለም። ከድጡ ወደ ማጡ!

ይርሳው አይወጣም፣ ኮምፒውተሩ አያነብም፣ ማስነሻው አይቀሰቅስም፣ ከርነሉ አይመጣም፣ ክፍሉ አይከፈትም፤ የገዛ ጭንቅላቷን «ምን አጠፋሁ?» አለችው። «ካልተኛሁ አላስብም» አላት።

ደብሪቱ ዕንባዋ መጣ። «ለመተኛት ማሰብ፣ ለማሰብ መተኛት! አሁንስ በቃኝ፣ ይርሳው።»

ይርሳው የእጅ ሰዓቱን ዳሰሰ። ጊዜው እየሄደበት ነው፤ ፈራ። ቢፈራም ጃኬቱን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት።

«እንግዲያው ይተኙ፣ እትዬ። እኔ እቀሰቅስዎታለሁ።»

ጠረጴዛው ላይ ድፍት አለች። ጥቂት እንዳሸለበች ነካ ቢያደርጋት ብድግ አለች።

«ወይ እኔ! ትናንት ሳደራጅ የክፍሉን ስም ቀይሬዋለሁ። ማስነሻው የሚጠራው በድሮው ነው፤ እኔም ያንኑ እደጋግምለታለሁ!»

አዲሱን ስም ለማስነሻው ጻፈችለት። ክፍሉ ተከፈተ፣ ከርነሉ መጣ፣ ማስነሻው ቀሰቀሰ፣ ኮምፒውተሩ «ምዕራፍ ስድስት» ብሎ ማንበብ ጀመረ።

«ይባረኩ፣ እትዬ! እኔ ስወጣ እቆልፋለሁ፤ እርስዎ ሄደው ይረፉ» አለ ይርሳው። ደብሪቱ ግን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ተኝታለች። እሱም የኮምፒውተሩን ድምፅ ዝቅ አደረገና ጆሮውን ስፒከሩ ላይ ለጠፈ።

እኔም እንዳልቀሰቅሳት እዚሁ ላብቃ።