ለሦስት ድካም አንድ ፈቃድ

በአንድ ወቅት፣ ወባ ሁለት ዓመት ሙሉ አልለቅ ባለቻት የቆላ ከተማ ውስጥ አንድ ሆስፒታል ነበረ። ከወንዙ ወዲህ ሌላ ስለሌለ አገሩ ሁሉ የሚጎርፈው ወደዚያው ነው። ባንድ አልጋ ሁለት ሦስት በሽተኛ ይተኛል። ሠራተኛው አንድ ባንድ እየለቀቀ ሲሄድ ሦስት ኃላፊዎች ግን አልሄዱም፤ ሥራ አስኪያጁ አቶ እንዳለማው፣ የሐኪሞቹ አለቃ ዶክተር ናሁሰናይ፣ የነርሶቹ አለቃ ሲስተር የሺመቤት። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ከሦስቱ አንዳቸውም አንዲት ቀን አላረፉም።

እንዳለማው ጠዋት ሲመጣ ሰው ቢሮው ደጃፍ ተሰልፎ ይጠብቀዋል። አንሶላ አለቀ፣ ጄኔሬተሩ ቆመ፣ አስከሬን የሚረከብ ዘመድ ጠፋ። እሱም ለሁሉም «እሺ፣ እናያለን» ይላል። ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን አንድ ነገር መጣበት። የቢሮውን በር እጀታ ይይዝና መክፈት ያቅተዋል። እጁ አልታመመም፤ ብቻ አልታዘዝ ይለዋል። ያኔ ስልክ የተደወለለት መስሎ ወደ ልብስ ማጠቢያው ጀርባ ይዞርና ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። አልቅሶ ቢወጣለት በወደደ፤ እንባውም እንቢ አለው። ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም። ሥራ አስኪያጁ አበደ ከተባለ፣ የቀሩትም ጓዛቸውን ጠቅልለው ይሄዳሉ ብሎ ፈራ።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከበላይ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። «ከሦስቱ ኃላፊዎች ለአንዱ ብቻ የአንድ ወር ዕረፍት ተፈቅዷል። ምትክ አይላክም። የሚያርፈው ሰው ስም ዛሬ ከሥራ መውጫ ሰዓት በፊት ይገለጽልን» ይላል። እንዳለማው ሁለት ጊዜ አነበበው። ዙሪያውን አየ፤ ማንም የለም። ብዕሩን አነሣና ከግርጌው የራሱን ስም ጻፈ። ደረቱ ከስንት ጊዜ በኋላ ሙሉ ትንፋሽ ሳበ።

ወዲያው በሩ ተንኳኳ። ደብዳቤውን ገለበጠው። ወሬው ግን ቀድሞ ግቢውን አዳርሶ ነበር።

የገባው ዶክተር ናሁሰናይ ነው። ነጭ ጋዋኑን አወለቀና ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ጋሼ፣ ትናንት ለአንድ ሕፃን የትልቅ ሰው የመድኃኒት መጠን አዘዝሁ» አለ።

«ልጁስ?»

«ነርሷ አይታ አስቆመችው፤ ተረፈ። እኔ ግን ካሳየችኝም በኋላ ስሕተቱ ቶሎ አልታየኝም። ቁጥሩን አየዋለሁ፣ አይገባኝም። እንዲህ ሆኜ ከቀጠልሁ ሰው እገድላለሁ። ስለዚህ ፈቃዱን አገኘሁም አላገኘሁም፣ ከነገ ጀምሮ መድኃኒት አላዝም።»

ሲስተር የሺመቤት ሳታንኳኳ ገባች። ተቀመጪ ቢሏት አልተቀመጠችም። የስድስት ዓመት ልጅ አለቻት፤ ወባውን ፈርታ ደጋ፣ እኅቷ ዘንድ ከሰደደቻት ሁለት ዓመት ሆኗል።

«ዛሬ ጠዋት ልጄ ጋ ደወልሁ» አለች። «‹እርስዎ ማን ነዎት?› አለችኝ። እናትሽ ነኝ ብላት፣ ‹እሺ፣ ይጠብቁ› ብላ ስልኩን ይዛ ሮጠች። እኅቴን ‹እማዬ፣ እንኪ› ስትላት በጆሮዬ ሰማሁ።»



«የነገውን አውቶቡስ ቲኬት ቆርጫለሁ» አለች። «ፈቃዱን ከሰጣችሁኝ እመለሳለሁ። ካልሰጣችሁኝ አልመለስም።»

«ሲስተር፣ አንቺ ከሄድሽ ነርሶቹን ማን ይይዛቸዋል? እስከ ዛሬ የቆዩትም አንቺን እያዩ ነው» አላት ዶክተሩ።

«አንተስ ብትሄድ? ምጥ የጠናባትን ማን ቀዶ ያዋልዳታል?»

አልተቆጡም። ለቁጣ የሚሆን ጉልበት አልነበራቸውም። ሁለቱም ወደ እንዳለማው ዞሩ።

«እርስዎ ይፍረዱ» አለች ሲስተር። «እርስዎ እንኳ ብረት ነዎት።»

ቃሏ ልቡን ወጋው። ደብዳቤውን ወደ ኪሱ ከቶ የአንዳቸውን ስም ቢያስተላልፍ የሚያውቅበት አልነበረም። የነገው ጠዋት ግን ድቅን አለበት፤ ሰልፉ፣ በሩ፣ ያ እጁ። ደብዳቤውን ገልብጦ አሳያቸው።

ዶክተሩ ስሙን አነበበ። «እኛን ሳይጠይቁ ነው የጻፉት?»

«አዎ።»

«እኛም እንደደከምን እያወቁ?»

«አዎ፣ እያወቅሁ።»

ከዚያ ስለ በሩና ስለ ድንጋዩ ነገራቸው። እንዲህም አላቸው፤ «ባለፈው ማክሰኞ ለአንድ በሽተኛ ኦክስጅን አልቆ ይፈልጉኝ ነበር። የመጋዘኑ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነው። ስሜን ሲጠሩ እየሰማሁ ከድንጋዩ መነሣት አቃተኝ።»

«ያ ሽማግሌ?» አለች ሲስተር በቀስታ።

«እሱ። ስደርስ ሞቷል። ብነሣም ይሞት ይሆናል፤ አላውቅም።»

ሲስተር የሺመቤት ወንበር ስባ ተቀመጠች። ዶክተሩ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። ውጭ አዲስ በሽተኛ በቃሬዛ ይገባል።

ስልኩ ጮኸ። እንዳለማው አነሣው።

«የሚያርፈውን ሰው፣ ማን ብዬ ልመዝግብ?» አለ ከበላይ መሥሪያ ቤት የደወለው ሰው።

እንዳለማው ሁለቱን አያቸው። እነሱም አዩት።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ እኔ ያየሁት እስከዚህ ነው። አንዱ ካላረፈ ሰው እንደሚገድል በአፉ ተናግሯል። አንዷ ካላረፈች የወለደቻት ልጅ ለዘለዓለም ባዳ ልትሆንባት ነው። አንዱ የሰው ሞት ጫንቃው ላይ አለ፤ ብዕሩ እጁ ላይ ስለነበረም አስቀድሞ ለራሱ ጽፏል፣ ደብቆ መቅረት ሲችል ደግሞ ገልጦ አሳይቷል። ማንም ይሂድ ማን፣ የሦስቱ ሸክም በሁለቱ ላይ ይወድቃል። ስልኩን የያዛችሁት እናንተ ብትሆኑ ኖሮ የማንን ስም ትጠሩ ነበር?