ትርንጎና የዶሮ ቀንድ

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። የሚፈራ ካለ የጎረቤቱን እጅ ይያዝ። እኔም ትንሽ እፈራለሁና አጠገቤ ያለው እንዳይሸሽ።

ድሮ ድሮ፣ ጭራቅ እንደ ሰው ለብሶ ገበያ በሚወጣበት ዘመን፣ ትርንጎ የምትባል ልጅ ነበረች። እናቷ አስናቁ ገበያ ይዛት ከመውጣቷ በፊት ሁልጊዜ ጆሮዋን ሳብ አድርጋ እንዲህ ትላታለች፦ "ከጠፋሽ ወዲያ ወዲህ አትበይ። ባለሽበት ቁሚ፣ እኔ እፈልግሻለሁ። ሰው ብልክ እንኳ የቤታችንን ቃል ነግሬው ነው የምልከው።"

የቤታቸው ቃል "የዶሮ ቀንድ" ነበር። ዶሮ ቀንድ የላትምና ማንም አይገምተውም ብለው የመረጡት ነው።

አንድ ቅዳሜ እናቷ በበርበሬ ዋጋ ስትከራከር፣ ቃጭል ያሰረች በቅሎ አለፈች። ትርንጎ ተከተለቻት። ሄደች፣ ሄደች፣ ዞር ስትል እናቷ የለችም። ልትሮጥ ስትል የእናቷ ምክር ትዝ አላትና ልጅ ያዘለች ሸክላ ሻጭ አጠገብ ቆመች።

"እናቴ ጠፍታብኛለች። ስሟ አስናቁ ነው፣ ከዋርካ ሜዳ ነው የመጣነው" አለቻት።

"እዚሁ ጎኔ ቁሚ፣ ልጄ። እስክትመጣ ንቅንቅ እንዳትዪ።"

አንድ ጭራቅ ግን ከሩቅ አይቷታል። ምራቁን ዋጠ።

መጀመሪያ ሸንኮራ የያዙ አሮጊት ሆኖ መጣ።

"ነይ ልጄ፣ እናትሽ ልካኝ ነው።"

"እናቴ ከላከችዎት የቤታችንን ቃል ይንገሩኝ።"

"ቃል? ሸንኮራ ነዋ።"

"አይደለም። አልሄድም።"

አሮጊቷ ዞር ሲሉ ከቀሚሳቸው ሥር ጭራ ብቅ አለ።

ቀጥሎ ነጭ ኩታ የለበሱ፣ ጺማቸው የተበጠረ ሽማግሌ ሆኖ መጣ።

"ነይ ልጄ፣ እናትሽ ልካኝ ነው። ወድቃ እግሯ ተሰብሯል።"

የትርንጎ እንባ መጣ። "እናቴ ከላከችዎት የቤታችንን ቃል ይንገሩኝ።"

"ለትልቅ ሰው እምቢ ይባላል?"

"ለዚህስ ይባላል። አልሄድም።"

ሽማግሌው ጥርሳቸውን ሲያፋጩ ወፍጮ የሚፈጭ ነበር የሚመስለው።

በመጨረሻ አክስቷን ዘርፌን ሆኖ መጣ። ፊቱ የአክስቷ፣ ድምፁ የአክስቷ፣ ሻሹ እንኳ የአክስቷ።

"ነይ ልጄ፣ እናትሽ ልካኝ ነው።"

ትርንጎ ደስ ብሏት አንድ እግሯን አነሳች። ከዚያ መልሳ አስቀመጠችው። "እናቴ ከላከችሽ የቤታችንን ቃል ንገሪኝ፣ እትዬ።"

"ረስቼው ነው። በጆሮዬ ሹክ በይኝ፣ ለእናትሽም እንዳትነግሪያት።"

"ከእናቴ የምደብቀው ነገር የለኝም። አልሄድም።"

ይሄኔ የአክስቷ ጣቶች ጥፍር አወጡ፣ ረዘሙ፣ የትርንጎን ክንድ ጭምድድ አድርገው ያዙ። ትርንጎ አየር በረጅሙ ሳበችና "ኡኡ! አላውቀውም! ኡኡ!" አለች።

በዚያ አገር ኡኡታ የሰማ ሰው የማን ልጅ ናት ብሎ አይጠይቅም። ጨው ሻጩ ጨዉን ጣለ። ፀጉሩን ሲላጭ የነበረው ግማሽ ራሱን እንደተላጨ ተነሣ። ሸክላ ሻጯ ገንቦ አነሳች። ገበያው ግልብጥ ብሎ መጣ። ጭራቁ ለሕፃን ኡኡታ ማን ይነቃነቃል ብሎ ነበር።

የጭራቅ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው፤ ልጅ ብቻዋን ስታየው ይገዝፋል፣ ብዙ ዓይን ሲያርፍበት ይኮማተራል። በግ አከለ። አይጥ አከለ። ሽምብራ አከለ። ለሽያጭ የታሰረች አንዲት ዶሮ አንገቷን ሰገግ አድርጋ ለቀም አደረገችው።

አስናቁ እያለከለከች ደረሰችና እጇን ዘረጋች። ትርንጎ ግን ወደ ኋላ ሸሸት አለች።

"እናቴ ከሆንሽ የቤታችንን ቃል ንገሪኝ።"

አስናቁ ሳቅና ለቅሶ እየተናነቃት፣ ገበያው ሁሉ እስኪሰማ "የዶሮ ቀንድ፣ ልጄ፣ የዶሮ ቀንድ" አለች።

ትርንጎ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ሰዉ ዶሮ ደግሞ ምን ቀንድ አላት ብሎ ሊስቅ ሲል፣ ጭራቁን የዋጠችው ዶሮ አስነጠሳትና ከአናቷ ላይ ትንሽዬ ጥቁር ቀንድ ብቅ አለ።

እናትና ልጅ ዶሮዋን ገዝተው እየሳቁ ቤታቸው ገቡ። ቃሉን ግን አገር አወቀው፣ ከእንግዲህ ምን ያደርጋል? በራቸውን ዘግተው ሌላ አወጡ።

ምን የሚል ቃል ነው ትሉኛላችሁ? እኔም አላውቀው። ይልቅ ቤታችሁ ስትገቡ ከእናት ከአባታችሁ ጋር የራሳችሁን አውጡ። ለእኔም ቢሆን እንዳትነግሩኝ።