የእመት ጦጢት የቡሄ ዱባ

ተረት መጣች፤ ቦታ ልቀቁላት። ተቀመጠች፤ ጆሮ ስጧት።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳቱም ፍራፍሬውም አፍ በነበራቸው ዘመን፣ እመት ጦጢት የምትባል ባልቴት ጦጣ በወንዝ ዳር ትኖር ነበር። ጓሮዋ ሙዝ ነው፣ ፓፓያ ነው፣ ዘይቱን ነው። ስንዴ ግን የላትም። ስንዴ እንደሌላት ለማንም አትናገርም፤ «ዳቦ ለልጅ ምን ይሠራል? ለልጅ ፍራፍሬ ነው» ትላለች። እምነቷ ይሁን ችግሯ፣ ሁለቱ ተቀላቅለውባት እሷ ራሷም መለየት አቅቷት ነበር።

በዚያ አገር ቡሄ ሲደርስ የእንስሳት ልጆች ጅራፋቸውን እያጮሁ፣ እየዘፈኑ በየደጁ ይዞራሉ። ባለቤቱ ሙልሙል ዳቦ ይሰጣል፤ ልጆቹ አመስግነው ይሄዳሉ። ሙልሙል ያልሰጠ ቤት ግን ወዮለት! ግጥም ያወጡለታል፤ ግጥሙም እስከሚቀጥለው ቡሄ ድረስ ስሙ ሆኖ ይቀራል።

በመጀመሪያው ዓመት መጡ። እመት ጦጢት ፓፓያ ቆርጣ በሰፌድ አቀረበችና፣ «ልጆቼ፣ ይህ ለዓይን ብርሃን ነው። ለሆድ ድርቀት መድኃኒት ነው። ደም ያጠራል፣ ቆዳ ያለሰልሳል...» እያለች ጥቅሙን መዘርዘር ጀመረች። ልጆቹ በአንድ እግራቸው ቆሙ፤ በሌላው እግራቸው ቆሙ። ዝርዝሩ አላለቀም። በመጨረሻ ፓፓያውን ከአጥር ማዶ ወርውረው እንዲህ አሉ፦

«ሙልሙል አለ ብለን ጦጢት ቤት ብንደርስ፣
ምክር አቀረበች የማይቆረስ!»

ከዚያ ቀን ወዲያ ሰፈሩ ሁሉ «እመት ምክር» አላት። ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ «እመት ምክር፣ እንዴት አደሩ?» ገበያ ስትወጣ «እመት ምክር፣ ዛሬስ ምን መከሩ?» አንጀቷ አረረ።

በሁለተኛው ዓመት መጡ። አሁን ብልሃት አብጅታለች። ሙዙን ልጣ፣ ደፍጥጣ፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ሙልሙል አስመሰለችው። ቡችላው ገመጠና፣ «ይሄ ዳቦ አልበሰለም!» አለ። ሙዙም ሐሰቱን መሸከም አቃተውና፣ «ኧረ እኔ ሙዝ ነኝ! ዳቦ ነኝ በል ያለችኝ እሷ ናት» ብሎ አጋለጣት። ልጆቹ ያንኑ የአምናውን ግጥም ደገሙት፤ አዲስ ለማውጣት እንኳ አልደከሙላትም። ይኼ ከስድቡ ይልቅ አመማት።

ሦስተኛው ቡሄ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ጓሮዋ ተቀምጣ አለቀሰች።

«ምን ሆነሻል?» አላት አጥሩ ሥር የተጋደመው ጋሽ ዱባ።

«ዘንድሮም ከሰደቡኝ አገር ለቅቄ እሄዳለሁ። የሚጠቅማቸውን ስሰጣቸው እምቢ የሚሉኝ ለምንድን ነው?»

«ሞኝ ነሽ። ልጅ ቢጠቅመው ባይጠቅመው ምን ገዶት! ልጅ እየፈራ መሳቅ ነው የሚወድ። በዚህ አገር ልጆች የሚፈሩት ማንን ነው?»

«አያ ጅቦን ነዋ። እናቶቻቸው የሚያስተኟቸው በሱ ስም አይደል?»

«እንግዲያው ተነሺ። ሆዴን ጎርጉሪና ፊቴን አያ ጅቦ አስመስለሽ ቅረጪው። አፌን ሰፋ አድርጊው። ነገ ለወጥ ልትከትፊኝ እንዳሰብሽም አውቃለሁ፤ ምክሬ የነፍሴ ቤዛ ይሁነኝ።»

እመት ጦጢት ቢላዋዋን አነሳች። ፓፓያውን በምላስ ቅርጽ ሸነሸነች፣ ሙዙን እንደ ጥርስ ከረከመች፣ ዘይቱኑን አድቦልቡላ መሐሉ ላይ ጥቁር የፓፓያ ፍሬ ሰካችና የጅብ ዓይን አደረገችው። ሁሉንም በስንደዶ ላይ እየሰካች የዱባው ሆድ ውስጥ ከተተች።

«እኔን? የጅብ ምላስ?» አለ ፓፓያው ተቆጥቶ። «በዘሬ እንዲህ ያለ ስድብ አልደረሰብኝም!»

«ከመበስበስ መሰደብ ይሻላል» አለ ጋሽ ዱባ። ወደ ጦጢትም ዞሮ፣ «አንድ ነገር ብቻ ለምኜሻለሁ። ጥቅማቸውን አታውሪ። የእኔን አፍ ክፈቺ፣ የራስሽን ዝጊ» አላት።

በበዓሉ ጠዋት ልጆቹ መጡ። እመት ጦጢት በሩ ላይ ቆማ ደረቷን ደቃች።

«ወይኔ ልጆቼ! ዘንድሮ የምሰጣችሁ የለኝም። አያ ጅቦ ቀድሟችሁ ሁሉንም ዋጠው። ያውና አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። እንዳትነኩት አደራ!»

ልጆቹ ተያዩ። ግልገሏ ወደ ኋላ አለች። ቡችላው ወደ ኋላ አለ። ውርንጭላው ግን ዓይኑን ጨፍኖ ኮቴውን የጅቡ አፍ ውስጥ ሰደደ፤ በስንደዶ የተሰካ ምላስ ይዞ ወጣ።

«ምላሱን ነቀልኩት!» ብሎ ዋጠው።

ከዚያማ ማን ይቻላቸው! «ጥርሱን ለእኔ!» «ዓይኑን ለእኔ!» እየተባባሉ ተሻሙ። ጠቃሚ ነው ወይ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሲወጡም ጅራፋቸውን አጮሁና አዲስ ግጥም አወጡ፦

«የጦጢት ደጃፍ ላይ የጅብ አፍ ተከፍቶ፣
ስንቱ ጀግና ወጣ ምላሱን በልቶ!»

እመት ጦጢት በደስታ እንባዋ መጣ።

ዘፈኑንና የውርንጭላውን ፉከራ ግን ዋሻው ውስጥ ሆኖ ሌላም ሰማው፤ እውነተኛው አያ ጅቦ።

«የአህያ ልጅ በገዛ ፈቃዱ ጅብ አፍ ገባ?» አለ። «እኔ አህያ ሳባርር ወገቤ ጎበጠ፤ ለካስ ቁጭ ብሎ አፍ መክፈት ብቻ ነው!»

እመት ጦጢት ፍራፍሬ ልትለቅም ጓሮ ስትገባ ጠብቆ መጣ። ዱባውን በእርግጫ በደጁ ወደሚያልፈው ቦይ አንከባለለውና ቦታው ላይ ጭንቅላቱን ዘርግቶ አፉን ከፈተ። ልጆቹም ጣዕሙ አላስቀምጥ ብሏቸው ተመልሰው መጡ። ውርንጭላው እንደ ልማዱ ከፊት ነበር።

አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ። «ቆይ፣ አልቸኩል» አለ በልቡ። «የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል ተብሏል። ሁሉም ይጠጉልኝ።» በዕድሜው አንድ ቀን ታገሠ፤ እሱም ያን ቀን ነበር።

ውርንጭላው ቀረብ ብሎ አየውና፣ «ዱባው ደግሞ እንዴት አስቀያሚ ሆነ!» አለ።

አያ ጅቦ ቻለው።

ግልገሏ አሸተተችና፣ «በስብሷል፤ ይሸታል!» አለች።

አያ ጅቦ ይህንንም ቻለው።

ቡችላው ወደ አፉ ውስጥ አጮልቆ አየና፣ «ይሄማ ዱባም አይደለም። ባዶ ቅል ነው!» አለ።

ይኼን አልቻለውም። «ቅል አባትህ!» ብሎ ጮኸ። «እኔ ስመ ጥሩው አያ ጅቦ ነኝ!»

ልጆቹ ክው አሉ። ከዚያ ጅራፉ ሁሉ ባንድ ጊዜ ጯ! አለ። አያ ጅቦ አፍንጫውን ተገርፎ፣ ጆሮውን ተገርፎ፣ ዋሻው እስኪገባ ድረስ ዞር ብሎ አላየም።

እናቶች እየሮጡ መጡ። ልጆቻቸውን አቅፈው አለቀሱ፣ ሳቁ፣ ከዚያም ወደ ጦጢት ዞረው፣ «እሜቴ፣ ልጆቻችን ጅብ ያባረሩት ምን አብልተሻቸው ነው?» ብለው በአክብሮት ጠየቁ።

ጋሽ ዱባ ከቦዩ ውስጥ፣ «ዝም በይ!» አለ። ማን ይስማው! ሰው አክብሮ ሲጠይቃት ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ፓፓያ ለዓይን ብርሃን ነው። ለሆድ ድርቀት መድኃኒት ነው። ደም ያጠራል፣ ቆዳ ያለሰልሳል...» ጀመረች፤ እናቶቹም አንድ ሳያስቀሩ በቃላቸው ያዙት። በማግስቱ በየቤቱ «ብላ፣ ይጠቅምሃል! ብዪ፣ ደም ያጠራል!» ሆነ። ሳምንት ሳይሞላ በየአጥሩ ማዶ የፓፓያ ክምር ታየ፤ ጣዩን ያየ ግን የለም። እመት ጦጢትም «ልጆቹ ዘንድሮ ምን ነካቸው?» እያለች እስከ ዛሬ ትገረማለች።

ጅብን ያስገረፈው አፉ፣ ጦጢትን ያከሰራት አፏ።

ተረቴን ጨረስኩ። አፌን የምታብሱበት ዳቦ ካጣችሁ ፓፓያም አልጠላ፤ ብቻ ጥቅሙን አትንገሩኝ።