የቀረችው ብሬከር

በአንዲት ትንሽ ከተማ ለየቤቱ መብራት በመዘርጋት የሚተዳደር፣ ምላሱ ከፒንሳው የሰላ ሰው ነበር።

የከተማዋ የንግድ ተቆጣጣሪ አቶ ይርጋሸዋ አንድ ቀን የሰውየው የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ገብተው አርባ ብሬከር ተደርድሮ ቢያገኙ፣ «ዕቃ ደብቀህ ገበያ ልታስርብ ነው» ብለው አሸጉበት። ሰውየው ሽማግሌ ልኮ በስንት ልመና ሱቁን አስከፈተና፣ ዳግም እንዳይከሰስ ሠላሳ ዘጠኙን ሸጦ አንዲቷን ለክፉ ቀን አስቀረ።

በወሩ ተቆጣጣሪው ተመለሱ። «በአንዲት ብሬከር ነው ባለሙያ ነኝ የምትለው? ፈቃድህ ይሰረዛል። ነገ ብሬከሯን ለማስረጃ ይዘህ ቢሮ ና» አሉት።

በማግስቱ ሰውየው ቢሮ ቀርቦ፣ «ታዲያ ጌታዬ፣ ስንት ላስቀምጥ?» ሲል ጠየቀ።

«አንድም ሳይጎድል፣ አንድም ሳይተርፍ፣ ልክ የሚበቃህን» አሉና የስረዛውን ደብዳቤ ማተም ጀመሩ። ገና ግማሹ ሳይወጣ የቢሮው ብሬከር ጧ ብሎ ተቃጠለ። መብራቱ ጠፋ፤ ማተሚያውም ወረቀቱን እንደነከሰ ቀረ።

ሌሎቹን የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቆች ሁሉ ተቆጣጣሪው ራሳቸው አሽገዋቸዋልና፣ በከተማዋ የቀረችው ብሬከር ሰውየው እጅ ላይ ያለችው ብቻ ነበረች።

«ምን ትገተራለህ? ግጠማት እንጂ» አሉት።

ሰውየው እጅ ነስቶ እንዲህ አላቸው፦ «እሺ ጌታዬ። ግን ከሰጠሁዎ ሱቄ ባዶ ነውና ፈቃዴ ይሰረዛል፤ ካልሰጠሁዎ ደግሞ ዕቃ ደብቄያለሁና ሱቄ ይታሸጋል። እስቲ ጥፋቴን እርስዎ ይምረጡልኝ፤ ሁለተኛውን ከመረጡ ግን መብራት የለምና የማሸጊያውን ደብዳቤ በእጅዎ መጻፍዎ ነው።»