የአብነት ፔዳል

አንድ ሰው ነበረ። በአዘቦት ቀን ወፍጮ ቤት ይሠራል፤ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ጊታር ይጫወታል። ስሙን አብነት እንበለው። እውነተኛ ስሙን ብነግራችሁ ግማሻችሁ ከዚህ እንደወጣችሁ ትደውሉለታላችሁ፤ አውቃችኋለሁ።

ይህ አብነት አንዲት ፔዳል ነበረችው። ፔዳል ስላችሁ የብስክሌቱን እንዳታስቡ። የጊታር ሰዎች በእግራቸው የሚረግጧት ትንሽ የብረት ሳጥን አለች፤ ኦቨርድራይቭ ይሏታል። ስትረገጥ የጊታሩን ድምፅ ወፈር፣ ሻከር አድርጋ ታወጣዋለች። ጥሩዋን ያገኘ ሰው ደስ ይለዋል። የአብነት ፔዳል ግን ጆሮ ትበሳ ነበር።

ማንም አልነገረውም። ማን ይነግረዋል? ከአምልኮ በኋላ በር ላይ «ተባረክ ወንድሜ፣ ዛሬ ልዩ ነበር» ነው የምንባባለው። አንድ እሑድ ግን፣ ነሐሴ ላይ ነው፣ ከመድረክ ሆኖ እማማ ዘውዲቱን አያቸው። እሱ ፔዳሏን ሲረግጥ እማማ ነጠላቸውን በጆሯቸው ላይ ይጠቀልላሉ። ሲለቃት ይፈቱታል። ሲረግጣት ደግሞ ይጠቀልላሉ።

አብነት ክው አለ። «እኔ እያገለገልኩ እናቶች ጆሯቸውን ይይዛሉ እንዴ?» ወይ ይቺ ፔዳል ትስተካከላለች፣ ወይ ከመድረክ እወርዳለሁ ብሎ ቆረጠ።

«የግል ጉዳይ አለብኝ» ብሎ ከመድረክ አገልግሎት የሁለት ሳምንት ፈቃድ ጠየቀ። ፔዳሌን ላሠራ ነው አላለም። እንዲያ ካለ ድምፁ መጥፎ መሆኑን ማወቁ ሊታወቅበት ነዋ! ይሉኝታን ታውቋት የለ?

ጋሽ ላምበቦ ዘንድ ሄደ። ጋሽ ላምበቦ ከመናኸሪያው ጀርባ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግኑ ሰው ናቸው፤ ጊታር በእጃቸው ነክተው አያውቁም። ሳጥኗን ፈትተው ውስጧን አገላብጠው አዩ።

«ልጄ፣ ይቺ እኮ አልተበላሸችም» አሉት።

«አውቃለሁ ጋሼ። ድምፅዋ እንዲያምር ነው የምፈልገው።»

«እሱ ይከብዳል። የተበላሸ ብታመጣልኝ ይቀለኝ ነበር።»

ግን ተቀመጡላት። ካፓሲተር የምትባል ትንሽ ዕቃ አውጥተው ሌላ ይበይዳሉ፤ አብነት ጊታሩን ይሰካና ያዳምጣል። «ገና ትጮኻለች ጋሼ።» ያወጣሉ፣ ይበይዳሉ። «አሁን ደግሞ ታፈነች።» ያወጣሉ፣ ይበይዳሉ። ዳዮድ የሚሏትን ደቃቃ ዕቃ ከአሮጌ ሬዲዮ ላይ ነቅለው ቀየሩላት። በዘጠነኛው ቀን አብነት አንድ ክር መታ፤ ጋሽ ላምበቦም መበየጃውን አስቀመጡ። ድምፁ ሞቅ ያለ፣ ለስለስ ያለ፣ ከሰው ጉሮሮ የወጣ የሚመስል ሆኗል። «በል ሂድ» አሉት።

በሦስተኛው እሑድ አብነት መድረክ ላይ ተመለሰ። እግሩ ሥር ትንሽ ስፒከር አለች፤ ሞኒተር ትባላለች፤ ተጫዋቹ የራሱን ድምፅ የሚሰማው በእሷ ነው። ፔዳሏን ረገጠ። እማማ ዘውዲቱን አየ። ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ነው። ደግሞ ረገጠ። እማማ እጃቸውን ዘርግተው ያመልካሉ። አብነት እዚያው መድረክ ላይ አለቀሰ።

ሲወርድ ሚክሰሩ ላይ፣ ወደ አዳራሹ የሚወጣውን የየመሣሪያውን ድምፅ ከፍ ዝቅ በሚያደርገው ማሽን ላይ፣ የሚያገለግለውን ዲላሞን ጠየቀው። «ድምፁ እንዴት ነበር?»

«ተባረክ ወንድሜ፣ ልዩ ነበር።»

እንዲህ እያሉ ሰባት ወር ሄደ። መጋቢት ላይ አብነት ረጅም የጊታር ገመድ ገዛ። «እስቲ ዛሬ ወረድ ብዬ ሕዝቡ የሚሰማውን ልስማ» አለ። በመዝሙሩ መካከል፣ እየተጫወተ፣ ከመድረኩ ደረጃ ወረደ።

አምስት እርምጃ ሄደ። ድራሙ ይሰማል። አሥር እርምጃ ሄደ። ቤዙ ይሰማል፣ ኪቦርዱ ይሰማል። ጊታሩስ? ጊታሩ የለም። ገመዱ ተነቅሎ ነው ብሎ ዞር ቢል ፔዳሏ መብራቷን አብርታ ቁጭ ብላለች። ጠበቅ አድርጎ መታ። ከጣቱ ሥር የክሩ ቅጭልታ ብቻ። አዳራሹ ሙሉ ሰው ያጨበጭባል፤ ዘማሪዎቹ ይዘምራሉ፤ የጎደለ ነገር ያለ የመሰለው አንድም ሰው የለም።

ፊቱ አመድ መሰለ። ገመዱን ነቅሎ ወደ ኋላ፣ ወደ ሚክሰሩ ሄደ። ከቁልፎቹ አንዷ ሥር «ጊታር» የሚል ፕላስተር ተለጥፏል። ቁልፏ እስከ መጨረሻው ታች ወርዳለች። የሌሎቹ ቁልፎች ጫፍ ከመነካት ብዛት ያብለጨልጫል፤ እሷ ላይ አቧራ አለ።

«ዲላሞ፣ ይቺ ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያለችው?»

ዲላሞ አንገቱን ደፋ። «የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ናቸው አውርዳት ያሉኝ። ለጊዜው ነው ብለው።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያልኩህ።»

«ከፈቃድ ከተመለስክበት እሑድ።»

ሰማችሁ? እሱ ጋሽ ላምበቦ ዘንድ ተቀምጦ «ገና ትጮኻለች» በሚልበት በዚያው ሳምንት፣ ሦስት ሽማግሌዎች ስለ እሱ ተሰብስበው ነበር። የእማማን ነጠላ እነሱም አይተዋል። «እንንገረው» አለ አንዱ። «ቅን ልጅ ነው፣ ቅር ይለዋል» አለ ሁለተኛው። «ዲላሞ አዳራሹ ላይ ያጥፋው፤ እሱ በሞኒተሩ ራሱን ስለሚሰማ አያውቅም» አለ ሦስተኛው። ሦስተኛው እኔ ነኝ። አዎ፣ እኔ። ያኔ እዚያ ነበር የማገለግለው።

ቆዩ፣ አላበቃም። አብነት ቤቱ ገባ። ባለቤቱ ሩሐማ ምሳ እያቀረበች ነው።

«አንቺ በየሳምንቱ አዳራሽ ውስጥ ነሽ» አላት። «እኔን ሰምተሽኝ ታውቂያለሽ?»

ሩሐማ የያዘችውን አስቀመጠች። «አላውቅም» አለች።

«ሰባት ወር ሙሉ?»

«ዲላሞን ጠይቄው ነበር። ሽማግሌዎችን አነጋግራለሁ አለኝ፤ ከዚያ ወዲያ መልሼ ልጠይቀው አፈርኩ። ፔዳሏን አሠርቷታል እኮ ልላቸውም አሰብኩ፤ የባሌን ገመና እኔ ላወጣ ነው ብዬ ተውኩት። አንተ ደግሞ ስትመጣ ፊትህ በርቶ ነው። ምን ብዬ ልንገርህ?»

«ባለፈው እሑድ 'ልዩ ነበር' ብለሽኛል እኮ፣ ሩሐማ።»

ምሳው ሳይነካ ተነሣ።

ወገኖቼ፣ ከሁሉ ያስደነገጠኝ ይህ ነው። ያጠፋነው እኛ ነን፤ ግን እንጀራውን የምትቆርስለት ሚስቱ እንኳ እውነቱን እንዳትነግረው አድርገን ነው ያጠፋነው። በማግሥቱ ሄጄ እግሩ ላይ ወደቅሁ። አነሣኝ፤ ግን ቶሎ አላናገረኝም፤ እውነቱን ነው።

ለምነን ለምነን በሳምንቱ መጣ። ዲላሞ ቁልፏን ከፍ አደረጋት። አብነት አንድ መዝሙር ብቻ ተጫወተ። እማማ ዘውዲቱ ወደ እኔ ዞረው «ይህ ልጅ እስከ ዛሬ የት ነበር?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏቸው ነበር?

አሁን አስተውሉ። እኛ ያጠፋነው የቱን ድምፅ ነው? ጆሮ የሚበሳውን? እሱንማ አንድ ቀን እንኳ አላጠፋነውም፤ ጋሽ ላምበቦ ጠረጴዛ ላይ ቀርቷል። ሰባት ወር ሙሉ ያጠፋነው የተስተካከለውን ነው።

እናንተስ ማንን አጥፍታችኋል? ወንድማችሁ የዛሬ ስድስት ዓመት ሰክሮ ሠርጋችሁን በጠበጠ። አጠፋችሁት። በዓል ሲመጣ «እንኳን አደረሰህ» ትሉታላችሁ፣ ስልኩን ታነሣላችሁ፣ አፋችሁ «እሺ፣ እሺ» ይላል፤ የሚለው ግን ልባችሁ አይገባም። አማታችሁ አንድ ቀን ክፉ ቃል ተናገሩ። አጠፋችኋቸው። ባላችሁ ዋሸ። አጠፋችሁት፤ ሳህኑን ግን በሰዓቱ ታቀርባላችሁ። እሱም የሚሰማ ይመስለዋል።

ያ ሰው ማንም ሳያየው ራሱን ፈትቶ፣ አንዱን እያወጣ ሌላውን እየበየደ፣ ስንት ቀን ሲለፋ ከርሞ ይሆን? በምን ታውቃላችሁ? ለመጨረሻ ጊዜ የሰማችሁት መቼ ነው?

ከመካከላችሁ፣ ያጠፋችሁት ሰው አሁን አጠገባችሁ የተቀመጠ አላችሁ። እኔ ጨርሻለሁ። ዞር በሉና እሱን ስሙት።